«ዘ ቴምፕል»፦ የአትላንታው ምኩራብ በወረቀቶቹ ሲታይ

አትላንታ የኖረ ሐበሻ በፒችትሪ ጎዳና ሲያልፍ ሳያየው አይቀርም። ከፊቱ ዓምዶች የተደረደሩለት፣ የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ የሚያስታውስ ሕንጻ ነው። የአይሁድ ምኩራብ ነው። የከተማው ሰው «ዘ ቴምፕል» ይለዋል። ጉባኤው የተመሠረተው በ1867 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አሁን ያለው ሕንጻ የተመረቀው በ1931 ነው።

ታሪኩ በሁለት ቦታ ተከማችቷል። የጉባኤው መዛግብት እዚያው አትላንታ ባለው በብሬማን የአይሁድ ቅርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ከ1946 ጀምሮ ያገለገለው የራባይ (የአይሁድ የሃይማኖት መሪ) ጃኮብ ሮትቺልድ ወረቀቶች ደግሞ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ጥሩ ነው። ለምን ቢሉ፣ ማኅበርና መሪው አንድን ዘመን በአንድ ዓይን አያዩትም።

እድር ውስጥ ጸሐፊ የነበረ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ቃለ ጉባኤ ውሳኔውን ይይዛል፣ ጭቅጭቁን ይውጣል። ሁለት ሰዓት የፈጀ ክርክር «ከውይይት በኋላ ተወሰነ» በምትል አንድ መስመር ያልቃል። የምኩራብ መዝገብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሳምንታዊው ማስታወቂያ የጸሎት ሰዓትና የሰርግ ዜና ይነግርሃል። የሰውን ልብ ለማግኘት ግን ወደ ስብከቱና ወደ ደብዳቤው መሄድ ነው።

የሮትቺልድን ስብከቶች ክብደት ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ራባይ ዴቪድ ማርክስ ከ1895 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ያህል መርቷል። በእሱ ዘመን ጉባኤው ከጎረቤት ክርስቲያኖች ጋር ተመሳስሎ ለመኖር ብዙ ጥሯል። የእሑድ ጸሎት ሳይቀር ነበረው። ለዚህ ፍርሃት ምክንያት አልጠፋም። የጉባኤው አባል የነበረው ሊዮ ፍራንክ በ1913 በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፤ የግዛቱ ገዥ የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲለውጡለት በ1915 ሰዎች ከእስር ቤት አውጥተው ሰቀሉት። ፍርዱ ዛሬ በአብዛኛው እንደ ግፍ ነው የሚታየው። ያንን ያየ ትውልድ «ዝም ብለን እንኑር» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሮትቺልድ ግን ዝም አላለም። ተወልዶ ያደገው በሰሜን፣ በፒትስበርግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ በጓዳልካናል ደሴት ላይ የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ አገልግሏል። እሱ እንኳ «ቄስ» ስንለው ሳይስቅ አይቀርም፤ በአማርኛ ሌላ ቃል ስላላገኘሁ ነው። በ1948 የስርየት ቀን፣ ምኩራቡ ጢም በሚልበት ዕለት፣ «የሚበልጠው ኃጢአት» ብሎ ስለ ዘር መድልዎ ሰበከ። ጥቁሮች በአውቶቡስ ላይ የነበረውን መድልዎ የተቃወሙበት የሞንትጎመሪ አድማ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር።

ከወረቀቶቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ስሙ የሌለበት ነው። በኅዳር 1957 ሰማንያ የአትላንታ ቄሶችና ፓስተሮች ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ስለመማራቸው መግለጫ አወጡ። በዚያ ዘመን ደቡብ ውስጥ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። ሮትቺልድ በማርቀቁ ረድቷል። ነገር ግን ጽሑፉ በክርስትና ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር አልፈረመበትም። ጋዜጣውን ብቻ የሚያነብ ሰው እሱ በነገሩ ውስጥ እንዳለ በምን ያውቃል?

ከዓመት በኋላ ጥቅምት 12 ቀን 1958 መጣ። እሑድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ወደ ሃምሳ ዘንግ የሚጠጋ ድማሚት በሕንጻው የጎን መግቢያ ፈነዳ። ግድግዳው ተቦደሰ። ሰው አልተጎዳም። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ግን የሰንበት ትምህርት ልጆች ይደርሱ ነበር። ከንቲባው ዊልያም ሃርትስፊልድ ፍርስራሹ ድረስ መጥተው ድርጊቱን አወገዙ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም አወገዙ። ጋዜጠኛው ራልፍ ማክጊል ስለ ፍንዳታው የጻፈው ርዕሰ አንቀጽ ከተጠቀሰለት ሥራ አንዱ ሆኖ በ1959 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አምስት ሰዎች ተከሰሱ። አንዱ ብቻ ለፍርድ ቀረበ። በመጀመሪያው ችሎት ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች መስማማት አቃታቸው፣ በሁለተኛው ነጻ ወጣ። በፍንዳታው የተቀጣ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሮትቺልድ የሰበከበት ርዕስ «የሚያስፈራቸውም የለም» የሚል ነው። ቃሉ በትንቢተ ሚክያስም አለ። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ ደብዳቤና ገንዘብ ጎረፈ። ለጥናት ከሁሉ የሚመረጡት እነዚህ ደብዳቤዎች ይመስሉኛል። ሰው ሲያዝን ለማስመሰል ጊዜ የለውም።

ጉባኤው አልተበተነም። በጥር 1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ የኖቤል ሽልማቱን ይዞ ሲመለስ፣ በከተማው ለክብሩ የተዘጋጀውን እራት ከደገፉት መካከል ሮትቺልድ ነበረ። መጀመሪያ ብዙ ነጭ ነጋዴዎች ትኬት ለመግዛት ዳር ዳር ብለው ነበር። በኋላ ግን ዲንክለር ፕላዛ ሆቴል ውስጥ ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ ተቀመጠ። ሮትቺልድ እስከ ሞቱ፣ እስከ 1973 የመጨረሻ ቀን ድረስ፣ የዚያው ምኩራብ ራባይ ነበር።