አማርኛ የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆች

ጽሑፍ ስትሰጡት በሰው ድምፅ የሚያነብላችሁ የኢንተርኔት አገልግሎት ዛሬ ለአማርኛም አለ። አንዱ የማይክሮሶፍት ነው። ሴቷ ድምፅ መቅደስ፣ ወንዱ አምሃ ይባላሉ። ኤጅ በተባለው የኩባንያው ብሮውዘር የአማርኛ ገጽ ከፍቶ በነፃ ማስነበብ ይቻላል። በደመና አገልግሎቱ (በኢንተርኔት በሚሠራው የኩባንያው ኮምፒውተር) በኩል ሲሆን ደግሞ ንባቡ በድምፅ ፋይል ይወጣል። ከዚያ ቪዲዮ ላይ መጫን ወይም ለሰው መላክ ነው።

ሌላው የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሸፍኑ የንግግር ሞዴሎችን፣ ማለትም ከተቀዳ ድምፅ የተማሩ ፕሮግራሞችን፣ ለቀቀ። አማርኛም አለበት። የዚህን ሁሉ ቋንቋ ድምፅ ከየት አገኙት? በዋናነት ከአዲስ ኪዳን ንባብ። በሺህ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በሺህ ቋንቋ ተነብቦ የተቀዳ ሌላ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። እንደ «ቴሌግራም» እና «የባንክ አካውንት» ያሉ ቃላት ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ሞዴሉን ማውረድ ነፃ ነው፤ ለንግድ መጠቀም ግን አይፈቀድም። ከዩቲዩብ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ማሽንን የማናገር ሙከራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቮደር የተባለ ማሽን ቀርቦ ነበር። እንደ ኦርጋን ቁልፎቹን የሚጫን የሠለጠነ ሰው ይፈልግ ነበር። ቆየት ብሎ የተቀዳ ድምፅን ቆራርጦ መቀጠል መጣ። ቅጥልጥሉ ጆሮ ላይ ያስታውቅ ነበር። የጉግል እህት ኩባንያ ዲፕማይንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ዌቭኔት የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ኮምፒውተሩ ከሰው ንባብ ተምሮ ድምፁን ራሱ መፍጠር ጀመረ።

አሁን ወደ አማርኛ እንምጣ፤ ዋናው ችግር እዚህ ነው። ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አንድ ላይ ስለሚጽፍ ለማሽን የተመቸ ይመስላል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እኩል ስለሚነበቡም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው የማይጻፈው ነገር ነው፤ መጥበቅና መላላት። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ይበላል» ሲላላ ሰውየው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ ምግቡ የሚበላ ነው። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት እንለየዋለን። ማሽኑ ግን ይገምታል። አንድ አገልግሎት ላይ «ለገና ገና ነው» ብዬ ጽፌ ሁለቱንም አላልቶ አነበበልኝ። የመጀመሪያው መጥበቅ ነበረበት። አማርኛ የማይሰማ ሰው ይህን ስህተት በፍጹም አያገኘውም። ሳድስ ፊደሎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንዴ አናባቢ አላቸው፣ አንዳንዴ የላቸውም። የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ምልክቱ ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥም ቦታ አለው። በዕለት ጽሑፍ ግን ማንም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ማሽኑም ሳያየው ያድጋል።

መፍትሔው ከመላክ በፊት ማዳመጥ ነው። የተሳሳተውን ቃል ቀይሩት፤ «ለገና» ካስቸገረ «ለልደት በዓል» በሉት። ምህጻረ ቃል ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ «ት/ቤት» ሳይሆን «ትምህርት ቤት»፣ «ወ/ሮ» ሳይሆን «ወይዘሮ»። «3:30» ከሆነ «ሦስት ሰዓት ተኩል» ብላችሁ በፊደል አስቀምጡት። የእንግሊዝኛ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ጻፏቸው። አራት ነጥብ አትርሱ፣ ማሽኑ ትንፋሽ የሚወስደው እሱን አይቶ ነው።

የሰውን ድምፅ ማስመሰል ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች የአንድን ሰው ድምፅ ከአጭር ቅጂ ያስመስላሉ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። በእናት ድምፅ ተደውሎ ብር ላኩ ከተባላችሁ ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው ማነው? በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያደጉ ብዙ ልጆች አማርኛ ሲሰሙ ይገባቸዋል፣ ፊደል ግን አያነቡም። የአያታቸውን የቴሌግራም መልእክት ማሽኑ ያነብላቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ለዓይነ ስውራን ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ መጽሐፉን የሚያነብለት ሰው መለመን፣ ሰውየው እስኪመቸው መጠበቅ ነበረበት። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን ማንበቢያ ኢስፒክ ከሚባል ድምፅ ጋር ይመጣል፣ ኢስፒክም አማርኛ ይሞክራል። ድምፁ እንደ መቅደስ አይጥምም፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ሆኖም የለመዱት ሰዎች ሌላው ጆሮ ሊከተለው በማይችለው ፍጥነት ያስነብቡታል። ኢንተርኔት ስለማይፈልግም ኔትወርክ ሲጠፋ ማንበቡን አያቆምም።