አዲያባቲክ የታመቀ አየር ማከማቻ ምንድን ነው?

የታመቀ አየር የኃይል ማከማቻ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ በሚተርፍበት ሰዓት አየርን በኮምፕሬሰር አምቆ ከመሬት በታች ባለ ዋሻ ወይም በብረት ታንክ ማኖርና ኤሌክትሪክ በሚያጥርበት ሰዓት ያንኑ አየር ለቆ ተርባይን ማሽከርከር ነው። ከገባው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚገኝ የሚወስነው ግን ከሁሉ በላይ የሙቀት አያያዝ ነው፤ አዲያባቲክ የሚባለው ዓይነት በማመቅ ጊዜ የሚወጣውን ሙቀት አጠራቅሞ መልሶ የሚጠቀም ነው።

አየር ሲታመቅ ይግላል፤ በጎሚስታ ቤት ሲሠራ የቆየ ኮምፕሬሰርን የነካ ሰው ይህን ያውቃል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር ሙቀቱ ሳይወጣለት በ10 እጥፍ ግፊት ቢታመቅ ወደ 290 ዲግሪ ይደርሳል፤ በ70 እጥፍ ቢታመቅ ደግሞ 700 ዲግሪን ያልፋል። ይህን ያህል የጋለ አየር ለማሽኑም ለዋሻውም ስለሚከብድ በየደረጃው እያቀዘቀዙ ማመቅ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ቁም ነገር እዚህ ላይ አለ፦ የአየር ውስጣዊ ኃይል በዋናነት የሚወሰነው በግፊቱ ሳይሆን በሙቀቱ ስለሆነ፣ ታምቆ ወደ ቀድሞው ሙቀቱ የተመለሰ አየር ከመታመቁ በፊት ከነበረው የበለጠ ውስጣዊ ኃይል የለውም ለማለት ይቻላል፤ ኮምፕሬሰሩ የወሰደው ኤሌክትሪክ በሞላ ጎደል ሙቀት ሆኖ ወጥቷል። አየሩ ግፊት ስላለው ሲለቀቅ ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም የሚሠራው የራሱን ሙቀት እየከፈለ በመሆኑ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም በረዶ ሆኖ ተርባይኑን ሊጎዳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በሰሜን ጀርመን ሁንቶርፍ ሥራ የጀመረው፣ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነው ትልቅ ጣቢያ፣ አየሩን መልሶ ለማሞቅ የተፈጥሮ ጋዝ ያቃጥላል። 1 ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክና 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የጋዝ ኃይል ስለሚወስድ ብቃቱ 42 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ አላባማ ግዛት የተከፈተው የማኪንቶሽ ጣቢያ ወደ 54 በመቶ የደረሰው፣ በዋናነት ከተርባይኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ከዋሻው የሚመጣውን አየር አስቀድሞ እንዲያሞቅ በመደረጉ ነው።

አዲያባቲክ የተባለው ዘዴ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በማመቅ ጊዜ የሚወጣው ሙቀት በጋለ ውኃ፣ በዘይት፣ በቀለጠ ጨው ወይም በድንጋይ ክምር ተይዞ ይቆይና አየሩ ወደ ተርባይኑ ሲሄድ ይመለስለታል፤ ነዳጅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘው የቻይናው የዣንግጂያኮው ጣቢያ 100 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን የንድፍ ብቃቱ 70.4 በመቶ መሆኑ ተገልጿል። ይህ አኃዝ ከ42 ጋር ሲነጻጸር ጥንቃቄ ያሻዋል፤ የሁንቶርፍ ስሌት የሚቃጠለውን ጋዝ ስለሚጨምር ሁለቱ አንድ ነገር አይለኩም።

ለንድፍ አውጪው ከባዱ ምርጫ አየሩ የሚታመቅባቸው ደረጃዎች ቁጥር ነው። ደረጃ በበዛና በየመካከሉ ማቀዝቀዣ በገባ መጠን ኮምፕሬሰሩ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ የሚጠራቀመው ሙቀት ግን ለብ ያለ ይሆንና ተርባይኑን የማገዝ አቅሙ ያንሳል። ሙቀቱ በጥሩ መሸፈኛ ቢያዝም ቀስ በቀስ መባከኑ ስለማይቀር፣ ዘዴው ይበልጥ የሚስማማው የቀኑን ትርፍ ለዚያው ምሽት ለማዋል ነው።