ለመቀረጽ መፍቀድ ለመሰራጨት መፍቀድ አይደለም

የእርቃን ምስሏ ያለ ፈቃዷ ስለተሰራጨባት ሴት «ራሷ ፈቅዳ ከተቀረጸች በኋላ በምን ትከሳለች?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ፣ ነጥቡን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ተገቢ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ ድርጊት እንጂ ከዚያ በኋላ ለሚከተለው ሁሉ አይደለም። አንዲት ሴት የእርቃን ፎቶዋን ለፍቅረኛዋ ብትልክ፣ እንዲያየው የፈቀደችው ለእሱ ብቻ ነው፤ ከተጣሉ በኋላ ምስሉን በቴሌግራም ቢለቀው፣ ለዚህ ሁለተኛ ድርጊት ፈቃድ የሰጠው የለም። ፎቶውን ያነሳችውና የላከችው ራሷ መሆኗም ይህን አይለውጠውም። (ጥፋቱን ወደ እሷ የሚያዞረው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።)

የሕፃናት ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ፈራሚ አገሮች የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨትን ብቻ ሳይሆን ማዘጋጀትንም በወንጀል እንዲቀጡ ያስገድዳል።

ወደ አዋቂዎች ምስል ስንመለስ፣ ከአገር አገር የሚለያየው ማስረጃውና መፍትሔው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቀድሞ አሰራጩ ተጎጂዋን ለማሳዘን ማሰቡ መረጋገጥ ነበረበት፤ ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ያለ ፈቃድ ማጋራቱ በራሱ ወንጀል ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው ሕግ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩትን ጨምሮ እንዲህ ያሉ ምስሎችን መድረኮች አቤቱታ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል።