«ላስወጣውና ልረፍ» ለምትሉ አከራዮች

«ቤቱ የኔ አይደል እንዴ? ቁልፉን ቀይሬ ዕቃውን በረንዳ ላይ አስቀምጥለታለሁ።» ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ጠበቃ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ክርክር ይዤ ስሯሯጥ ዓመታት አልፈዋል። አይቻልም። ቤቱ የእናንተ ነው፤ የሚኖርበት ግን ተከራዩ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት በጉልበት አይወጣም። መብራት መቁረጥም ያው ነው። ከሳሽ መሆን ስትችሉ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

«በቃል ተስማምተናል፣ ይበቃል።» አይበቃም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል።

«የስድስት ወር ቅድሚያ እቀበላለሁ።» በዚሁ አዋጅ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል ክልክል ነው።

«ካስወጣሁት ኪሳራዬ ይቆማል።» እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። አንዲት ደንበኛዬ ኮንዶሚኒየሟን በ15 ሺህ ብር አከራይታ ነበር። ተከራዩ የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋና የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቀመበት፤ 30 ሺህ ብር። «አስወጪልኝ» አለችኝ። ወረቀት ሰጥቼ አስደመርኳት። የዳኝነት፣ የኔ ክፍያ (እኔም በነፃ አልሠራም)፣ ቀጠሮው እስኪያልቅ የማይገባ ኪራይ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ቤቱ ባዶ የሚቀመጥበት ወር፣ ደላላ። ድምሩ ከ30 ሺህ ሲያልፍ ብዕሩን አስቀመጠች። ዕዳውስ? ኪሱ ባዶ በሆነ ሰው ላይ ብታስፈርዱ ወረቀት ነው የምትይዙት።

ሰውየው በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ ደሞዙ ቢያንስም። ከኪራዩ ላይ በየወሩ 5 ሺህ እየጨመረ በስድስት ወር ሊጨርስ ተፈራረሙ። ጨረሰም።

ስትስማሙ ታዲያ ጻፉት። ዕዳው ስንት እንደሆነ አምኖ ይፈርም። ምስክር ይኑር። የመክፈያው ቀን ደሞዝ በገባ ማግስት ይሁን፤ ብሩም በባንክ ይግባ፣ አዋጁም በእጅ አትቀበሉ ነው የሚለው። አንድ ወር ቢዘልል ምን እንደሚከተል ይቀመጥ። ደግሞ ተናዳችሁ የማይችለውን ቁጥር አታስፈርሙት፤ በሁለተኛው ወር እዚያው ናችሁ።

«ችግር ላይ ነኝ የሚል ተከራይ ሁሉ አታላይ ነው» የሚሉም አሉ። የኔ መለያ ቀላል ነው። ቀኑ ሳያልፍ ራሱ ደውሎ «ዘንድሮ ከብዶኛል» ካላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ስልኩን አጥፍቶ በጓሮ በር የሚገባውን ሰው ጉዳይ ግን ይዛችሁ እኔ ጋ ኑ።