ጥሬ ዓሣና የሆድ ትል፦ ከጅማ ሲታይ

ጥሬ ወይም በቅጡ ያልበሰለ ዓሣ የሚበላ ሰው ጥገኛ ትል ሊይዘው ይችላል። ጅማ ላይ ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኮሶ ነው። ኮሶ ግን የሚመጣው ከበሬ ሥጋ ነው። የዓሣው ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ያውም ከአንድ በላይ።

በዓለም ላይ በደንብ የታወቁት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰፊው የዓሣ ኮሶ ነው። የሰሜኑን ቀዝቃዛ ሐይቆች ይወዳል፤ 10 ሜትር ሊደርስና የሰውየውን ቫይታሚን ቢ12 ሊሻማ ይችላል። ሁለተኛው አኒሳኪስ የሚባለው የባሕር ዓሣ ትል ነው። በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆች) ኔዘርላንድስ ውስጥ ጥሬ ሄሪንግ የበሉ ሰዎችን ክፉኛ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ነው ስሙ የወጣው። ሦስተኛው የጉበት ትል ነው። ታይላንድ፣ ላኦስ፣ ቻይናና ኮሪያ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ቶሎ ካልታከመ የሐሞት ቱቦ ካንሰር እስከማምጣት ይደርሳል።

ወደ ጅማ እንመለስ። ከተማዋ የቡና፣ የማርና የሥጋ አገር ናት። አወይቱ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ ቢያልፍም፣ ቦዬ ረግረግ ከጎኗ ቢሆንም፣ ዓሣ የጅማ ጓዳ ዋና ምግብ ሆኖ አያውቅም። ነገሩ የተለወጠው በግልገል ግቤ ነው። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ግድብ በ2004 (እንደ ፈረንጆች) ሥራ ሲጀምር፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። ቆሮሶና ቢልጫ ይወጣበታል። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጾም ዓሣ ጉላሽና ዓሣ ጥብስ ፈላጊ አያጣም።

ትሉ የት እንደሚቀመጥ ለማየት አንድ ቆሮሶ መክፈት ይበቃል። ስንጥቡን ገልጠው ልቡ ያለበትን ክፍተት ሲያዩት፣ አንዳንዴ ቀላ ያለ፣ እንደ ክር የተጠቀለለ ነገር ያገኛሉ። ኮንትራሴኩም ይባላል። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዓሦች ላይ በጥናት የተመዘገበ ነው። ዕድሜውን የሚጨርሰው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። በሰው ላይ መታየቱ ብርቅ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከሆድ ዕቃው ጋር ተጠርጎ ይጣላል። እንዲያም ሆኖ አንድ ጊዜ ያየው ሰው ጥሬ ፊሌቶ አያሰኘውም።

ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የሐዋሳና የዝዋይ ዳርቻ ልማድ ነው። እዚያ የለመደ ሰው ጅማም ሲመጣ ያምረዋል። ሎሚ ጨምቀው ሥጋው ነጣ ሲል «በስሏል» የሚሉ አሉ። አልበሰለም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድልም፤ ሚጥሚጣም፣ ከላይ የሚጠጣው አረቄም እንደዚያው። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፤ የዓሣው መሀል 63 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ቅዝቃዜም ይሠራል፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን። ግድቡ አጠገባችን ሆኖም መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ግን በፍሪጅ መተማመን ከባድ ነው።

ኮሶውስ? ጅማ ላይ ከምግብ ጋር የሚገባውን ትል በተመለከተ ዋናው ተጠያቂ እስካሁን ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ነው። ትሉ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚነቃበት ቁርጥራጩ ሲወጣ ነው፤ እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋና ነጭ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ። አባቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ በጥብጠው እየጠጡ ሲያስወጡት ኖረዋል። የሚያንገሸግሽ ነው ይላሉ የጠጡት። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ፕራዚኳንቴል ለዓሣ ኮሶም ለጉበት ትልም ይሰጣል፤ መጠኑና የሚወሰድበት ጊዜ ግን ስለሚለያይ ራስን ማከም አይበጅም።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ፤ ቢልሃርዚያ። የሐይቅ በሽታ ስለሆነ ብቻ ከዓሣ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ። በቀንድ አውጣ አማካይነት ውሃ ውስጥ ተለቆ ቆዳ በስቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ አሳላፊው ውሃው እንጂ ዓሣው አይደለም፤ መረብ ለመጣል እግሩን የሚነክር አጥማጅ ቀድሞ ይጋለጣል።

ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ የላብራቶሪ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ጅማ የታደለች ናት። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 (እንደ ፈረንጆች) የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የቆመ ነው። የከብቱን ሐኪምና የሰውን ሐኪም አንድ ጣሪያ ሥር አኑሯል። ተማሪዎቹንም በኅብረተሰብ አቀፍ ትምህርቱ በየቀበሌው ይልካል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የከብቱ ኮሶ እንቁላል ክብ ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራምና ዙሪያውን ከውስጥ ወደ ውጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት። የዓሣው ኮሶ ሞላላ ነው፤ አንድ ጫፉ ላይ እንደ ጀበና አፍ የሚከፈት ትንሽ ክዳን አለው።