«ተከትቤ ታመምኩ» ሲባል እውነቱ የቱ ነው?

ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ወይም ኤምኤስ (አንጎልንና ነርቭን የሚያጠቃ በሽታ) ካለበት ሰው ጋር ስለ ክትባት ካወራችሁ አንድ ወሬ አይቀርም፦ «እገሊት ተከትባ በሳምንቱ አልጋ ያዘች።» በእነዚህ በሽታዎች የሰውነት ዘበኛ፣ ማለትም የመከላከል አቅሙ፣ ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው መደብደብ ይጀምራል። ሕክምናውም ዘበኛውን ማድከም ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ግን እውነቱና ወሬው ተደበላልቀዋል።

«ቫይረሱን የሰጠኝ ክትባቱ ነው»

የትኛው ክትባት? መልሱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያውና የፋይዘር ወይም የሞደርና የኮቪድ ክትባት ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። የሞተ ነገር በሽታ አይሰጥም፤ መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ቢሆን። ክንድ ማመሙና አንድ ሁለት ቀን ማተኮሱ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን የጣለን ምንድን ነው? የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሽታው ደግሞ ከተያዝን ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል። ስለዚህ ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥ ወይም ወረፋ ላይ ይዞን ይሆናል። ደግሞ እኛ አፍንጫ የሚያስፈስሰውን ሁሉ ጉንፋን ነው የምንለው። ክትባቱ የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው።

ሕይወት ያለው ግን የተዳከመ ቫይረስ ያላቸው ክትባቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍ፣ የቢጫ ወባና በአፍ የሚጨመረው የፖሊዮ ጠብታ ከእነዚህ ናቸው። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት በደከመ ሰው ውስጥ የተዳከመው ቫይረስ ሊራባ ይችላል። ለምሳሌ በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ከእነዚህ ክትባቶች መራቅ አለበት። በተለይ ለጉዞ ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ፍለጋ ሄዶ «የምወስደው መድኃኒት የለም» ብሎ መከተብ አደገኛ ነው። ክትባቱ ለማይስማማው ሰው ሐኪም የሚጽፈው የነፃ መሆኛ ማስረጃ አለ። ሁሉም አገር ግን ላይቀበለው ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው።

«ተከትቤ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ»

ይህኛውን ወሬ ብሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእስራኤል አንድ ዘገባ ወጣ። የፋይዘርን የኮቪድ ክትባት ከወሰዱ 491 የሩማቲዝም ዓይነት በሽታ ካለባቸው ሰዎች 6ቱ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣ። ለንጽጽር ከተያዙት 99 ጤነኞች አንድም ሰው አልታመመም። ዜናው በአንዴ ተዛመተ።

ግን አልማዝ ባለጭራ ከመርፌው ሊመጣ አይችልም። በልጅነታችን የታመምነው የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ዘበኛው ሲዘናጋ ይነሳል። እነዚህ ሕመምተኞች ደግሞ ባይከተቡም ከሌላው ሰው ይልቅ ይወጣባቸዋል። ክትባቱ የተኛውን ይቀሰቅስ ይሆን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ሰዎች ሲታዩ ግን ከኮቪድ ክትባት በኋላ በሽታው ጨምሮ አልተገኘም። 6 ሰው ጥያቄ ያስነሳል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ለራሱ ለአልማዝ ባለጭራም ክትባት አለ። ሺንግሪክስ ይባላል። የያዘው ከቫይረሱ የተወሰደ አንድ ፕሮቲን ብቻ ስለሆነ የመከላከል አቅማቸው ለደከመም ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ2021 ጀምሮ አቅማቸው ለደከመ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ሁሉ ተፈቅዷልና ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«መድኃኒቴን አቋርጬ ልከተብ»

በራስ ውሳኔ፣ በፍጹም። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ራሱ ሆስፒታል ያስገባል። ሜቶትሬክሴት የተባለውን ዘበኛውን የሚያደክም መድኃኒት ለሚወስዱ ግን በሽታው ከተረጋጋ ሐኪሙ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ለሁለት ሳምንት ሊያስቆማቸው ይችላል፤ ክትባቱ የተሻለ እንዲይዝ ነው።

ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ችግር ሌላ ነው። መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠፋል። ስለዚህ ሕይወት የሌለው ክትባት አይጎዳቸውም፤ ላይሠራላቸው ይችላል እንጂ። «ተከትቤም ያዘኝ» ከሚሉት መካከል ብዙ ጊዜ የማይታየው ምክንያት ይህ ነው። ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በስተቀር ሌሎቹን ለመድኃኒቱ ቀጣይ ዙር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ መውሰድ ይሻላል።

«ክትባት በሽታዬን ይቀሰቅሳል»

ፈረንሳይ በ1998 በዚሁ ስጋት፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ኤምኤስ ያመጣል ተብሎ፣ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን አቆመች። በ2001 የወጡ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። በሽታን በመቀስቀስ ይበልጥ የሚታወቀው ኢንፌክሽኑ ነው።

«እኔ ስለታመምኩ ልጄም አይከተብ»

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ የቤተሰቡ መከተብ ሕመምተኛውን ይጠብቃል። ከዚህ የሚለይ አንድ ነገር ግን አለ። እናቲቱ በእርግዝና ወቅት እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ ዘበኛውን የሚያደክም መድኃኒት ከወሰደች መድኃኒቱ ወደ ልጁ ደም ያልፋል። በ2010 የታተመ አንድ ታሪክ አለ፤ እንዲህ ዓይነት ሕፃን ቢሲጂ (ሕይወት ያለው ግን የተዳከመ ባክቴሪያ የያዘ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ተከትቦ፣ የክትባቱ ባክቴሪያ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ሞተ። ስለዚህ ለእነዚህ ሕፃናት ቢሲጂ ከ6 እስከ 12 ወር እንዲዘገይ ይመከራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሲጂ የሚሰጠው ገና እንደተወለዱ ነው። እናትየው ይህን ለአዋላጇ የምትናገረው ምጥ ሳይመጣ፣ በእርግዝና ክትትሉ ወቅት መሆን አለበት።