ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ ጥይት፦ አሜሪካ ውስጥ ተደብቆ የሚታጠቅ ባለ .45 ሽጉጥ አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አይታይም። ከሸሚዝ ስር፣ ከቀበቶ ውስጥ፣ ከጃኬት ኪስ ነው የሚገኘው። አገር ቤት ሽጉጥ ወገብ ላይ የሚደረገው በከፊል እንዲታይ ነው፤ እዚህ ዋናው ነገር አለመታየቱ ነው።

ለዚህ ተብለው ከሚሠሩት ሽጉጦች መካከል አንድ ለየት ያለ ወገን አለ። አካሉ ትንሽ፣ ጥይቱ ግን ትልቅ። ከዚህ ወገን በጣም የታወቀው .45 ኤሲፒ የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰው ነው፤ ቁጥሩ የእርሳሱ ውፍረት በኢንች ነው። ባለ .44 ስፔሻል ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ) እና ባለ 10 ሚሊሜትር ሽጉጥም እዚያው ሰፈር ናቸው። የ.45 እርሳስ ውፍረቱ 11.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ክብደቱ በተለመደው ዓይነት 15 ግራም ያህል ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ማካሮቭ የሚተፋው እርሳስ 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊሊፒንስ እስከ ማያሚ

የ.45 ዝና የተወለደው ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ ጦር ከሞሮ ተዋጊዎች (የደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች) ጋር ሲዋጋ በ.38 ሪቮልቨሩ ክፉኛ ተማረረ። ሰውየው ተመትቶም ጎራዴውን ይዞ ይመጣል። በ1904 ቶምሰንና ላጋርድ የሚባሉ ሁለት መኮንኖች በቺካጎ ቄራ ከብቶች ላይ፣ እንዲሁም በሰው ሬሳ ላይ የተለያዩ ጥይቶችን ሞከሩ። ሙከራው በዛሬ ዓይን ሳይንስ ነው ለማለት ይከብዳል። መደምደሚያው ግን ቁርጥ ያለ ነበር፦ የጦር ሽጉጥ ከ.45 ማነስ የለበትም። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ሽጉጥ በ1911 የጦሩ ትጥቅ ሆነ፤ ኤም 1911 ተባለ፤ እስከ 1985 ድረስም መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ መሣሪያ አፍቃሪ ማፍራቱ አይቀርም። ስለ .45 የሚወራው ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ፊዚክስ ነው።

ኤም 1911 ግን ለመደበቅ የሚመች አይደለም። አፈሙዙ 127 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ጥይት ሳይጨመር 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ቀን ሙሉ ወገብ ላይ ሲውል ይጎረብጣል። ስለዚህ ማሳጠሩ ቀስ በቀስ ተጀመረ። ኮልት ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አፈሙዙ 108 ሚሊሜትር የሆነውን ኮማንደር አወጣ። በ1970ዎቹ ሲያትል ውስጥ ዴቶኒክስ የሚባል ኩባንያ ከዚያም አሳጠረው። በ1985 ኮልት ራሱ 89 ሚሊሜትር ላይ ደረሰ። ሪቮልቨር ወዳዶች ደግሞ በ1973 ቻርተር አርምስ ያወጣውን ቡልዶግ አገኙ፦ አምስት የ.44 ጥይት የሚይዝ፣ 600 ግራም ገደማ የሚመዝን። ያው ቡልዶግ በ1976 እና 1977 ኒውዮርክን ባሸበረው ነፍሰ ገዳይ እጅ ገብቶ ስሙ በክፉ ተነሳ።

ገበያውን በእውነት የለወጠው ግን ሕግ ነው። ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ደብቆ የመታጠቅ ፈቃድ እንዲሰጥ ወሰነች፤ ሌሎች ግዛቶች ተከተሏት። ቀጥሎ በ1994 የፌዴራል መንግሥቱ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝና ለሲቪል እንዳይሸጥ ከለከለ። ክልከላው እስከ 2004 ጸንቶ ቆየ። የታሰበው ትልልቅ ካዝናዎችን ለማስቀረት ነበር፤ የፋብሪካዎቹ ስሌት ግን ሌላ ሆነ። ከ10 በላይ መያዝ ካልተቻለ ሽጉጡ ለምን ትልቅ ይሆናል? አስሩስ ለምን ትንንሽ ጥይት ይሆናሉ? ግሎክ በ1995 ትንንሾቹን 26 እና 27 አወጣ። በዚያው አሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አስር የ.45 ጥይት የሚይዘው ግሎክ 30 መጣ። ትንሽ ሽጉጥ በትልቅ ጥይት የሚለው ፋሽን በሰፊው የተስፋፋው ያኔ ነው።

በጎን ደግሞ የማያሚው ተኩስ አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 የኤፍቢአይ ወኪሎች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን ሊይዙ ሲሞክሩ ሁለት ወኪሎች ተገደሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን መጀመሪያ ላይ ያገኘው የ9 ሚሊሜትር ጥይት ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም መተኮሱን ቀጠለ። ኤፍቢአይ ጥፋቱን በጥይቱ ላይ ጣለ። 10 ሚሊሜትር ገዛ፤ ለብዙ ወኪሎች አስቸገረ፤ ቀለል ተደርጎ ሲሠራ በ1990 .40 የሚባለው ተወለደ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን መሥሪያ ቤቱ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጫፋቸው ጎድጓዳ የሆነና ሲመቱ የሚከፈቱ ጥይቶች አሠራር ተሻሽሏል። የ9 ሚሊሜትሩም ኤፍቢአይ የሚፈልገውን ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሥጋን በሚተካ ጄል ላይ በሚደረግ ሙከራ ያሟላል። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው በእሱ ሲተኩስ ቶሎና በትክክል ይመታል።

ሲያንስ ምን ይጎድላል?

ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው አፈሙዙን ነው፤ አጠረ ወይስ ረዘመ ይላል። ከልብስ ስር የሚያሳብቀው ግን አፈሙዙ አይደለም። እሱ ሱሪ ውስጥ ይገባል። የሚያሳብቀው እጀታው ነው። ከቀበቶ በላይ ወጥቶ፣ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ሸሚዙን እንደ ድንኳን ይወጥረዋል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ እጀታውን ይቆርጡታል። የ.45 ጥይት ወፍራም ነውና እጀታው ሲያጥር የሚተርፈው አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ነው። በ2012 የወጣው ስፕሪንግፊልድ ኤክስዲ-ኤስ አምስት ይዞ መጣ። በ2016 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ 45 ስድስት ወይም ሰባት ይይዛል። ክብደቱ ባዶውን 580 ግራም ገደማ ነው።

ይህ 580 ግራም ገዢውን የሚያማልለው ቁጥር ነው። የሚቀጣውም እሱ ነው። የተለመደው የ.45 ጥይት ሲወጣ ወደ ኋላ የሚልከው ግፊት ከ9 ሚሊሜትሩ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። ኤም 1911 ይህን በክብደቱ ይውጠዋል። ትንሹ ሽጉጥ ግን የሚውጥበት ክብደት ስለሌለው ለእጅ ያስተላልፈዋል። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ላይ ቆሞ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥይት ሲወጣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል። ትንሿ ጣት የምትጨብጠው ስለሌላት አየር ላይ ናት፤ እጀታው መዳፍ ውስጥ ይዞራል። ተኳሹ ያስተካክልና ድጋሚ ያነጣጥራል። ሁለተኛዋ ጥይት ከወረቀቱ መሀል ወርዳ ትገኛለች። እጁ ምቱን ቀድሞ እየጠበቀ፣ ምላጩን ሲስብ አፈሙዙን ወደ ታች ገፍቶታል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመውጣት ብዙ ጥይት ይፈጃል። የ.45 ጥይት ዋጋ ደግሞ ከ9 ሚሊሜትሩ በጉልህ ይወደዳል። ብዙዎች ትንሹን .45 ገዝተው ልምምድ የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

መዘዙ በሽጉጡ ውስጥም አለ። ላዩ ላይ የሚንሸራተተው ብረት በአጭር ሽጉጥ ላይ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። ያን ሁሉ ምት ለማስቆም ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት። ሞላው ሲጠነክር ብረቱ በፍጥነት ይመለሳል፤ የሚቀጥለው ጥይት ከካዝናው በቅጡ ሳይነሳ ይደርስበታል። ወይም ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ይቀራል። የእጅ አንጓ ላላ ካለም ያው ነው። በ1911 ንድፍ የሚሠሩት ባለ 3 ኢንች ሽጉጦች በዚህ የሚታሙት በከንቱ አይደለም፤ ንድፉ ለ5 ኢንች (127 ሚሊሜትር) አፈሙዝ የተሰላ ነው። ጠንካራ ሞላ ደግሞ ለመሳብ ጉልበት ይፈልጋል። እጃቸው ደከም ላለ ሰዎች ይህ ብቻውን ሐሳብ ያስቀይራል።

አፈሙዙ ሲያጥር የጥይቱም ፍጥነት ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን .45 ከሌሎቹ ይሻላል። መጀመሪያውኑ ዝግ ያለ ጥይት ነው፤ በሰከንድ 255 ሜትር ገደማ፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች። የሚሠራበት ግፊትም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሲያጥር የሚያጣው ያን ያህል አይደለም። .357 ማግነም የሚባለው ኃይለኛ ጥይት በአጭር ሪቮልቨር ሲተኮስ ግን ባሩዱ ውጭ ይቃጠላል፤ ትርፉ ብልጭታና ጩኸት ይሆናል። ቢሆንም የጎድጓዳ ጥይት ጫፍ የሚከፈተው በፍጥነት ነውና ለአጭር አፈሙዝ ተብሎ የተሠራውን መግዛት ይመከራል።

ታዲያ ማን ይግዛው? በኔ ግምት ትንሹ .45 ለጀማሪ አይሆንም። ሲግ ሳወር በ2018 ያወጣው ፒ365 በግማሽ ኪሎ ክብደት አስር የ9 ሚሊሜትር ጥይት ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ የትንሹ .45 ክርክር ተዳክሟል። ስድስት ትልልቅ ወይስ አስር መካከለኛ ሲባል፣ ኤፍቢአይ እንኳን የመረጠው መካከለኛውን ነው። .45ን አሁንም ቢመርጥ የሚያዋጣው ሰው ለዓመታት በዚያ ጥይት የተለማመደው፣ እጁም ሰፊ የሆነው ነው። እሱም ቢሆን ከሺልድ ይልቅ ወፈር የሚለው ግሎክ 30 ይሻለዋል ባይ ነኝ። ውፍረቱ ይከብዳል፤ እጅ ግን ይሞላል።

ብዙ ሬንጆች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሱቅ ውስጥ ባዶውን ጨብጦ መወሰን ሞኝነት ነው፤ ሁሉም ባዶውን ይመቻል። ከተገዛም በኋላ ልምዱ ያላቸው ሰዎች 200 ያህል ጥይት ሳይቀረቀር ካልተኮሰ አይታጠቁትም። አምራቹ ለጥገና የጠራው መሆኑንም ማጣራት ጥሩ ነው። ኤክስዲ-ኤስ ራሱ በ2013 ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችላል ተብሎ በአምራቹ ተጠርቶ ነበር።

ሽጉጡ የሚገባበት ማህደር የሽጉጡን ያህል ሊታሰብበት ይገባል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይጨማደድ መሆን አለበት። ሽጉጥ ያለ ማህደር ቀበቶ ስር መሻጥ፣ ወይም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ መክተት የራስን እግር ለጥይት መጋበዝ ነው። ቀበቶም ወፍራም ይሁን። የመልበሻ ቀበቶ አንድ ኪሎ ሲንጠለጠልበት ይዘምማል።

ፖቶማክን ሲሻገሩ

በሰኔ 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽጉጥ ለመታጠቅ «ልዩ ምክንያት» መጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ ወሰነ። ከግዛቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛሬ ፈቃድም አይጠይቁም። ይህን ሰምቶ አገሩ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሐበሻ አለ። አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ሰው በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ሕጎች ባሉባቸው ቦታዎች ያልፋል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ አይሠራም። አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖርና ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ሱቅ ያለው ሰው የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ሲሻገር ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድና ዲሲ ለፈቃድ ቢያንስ የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃሉ። በሜሪላንድ፣ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ክልክል ነው፤ ያ የ1994ቱ ስሌት እነዚህ ግዛቶች ውስጥ አሁንም ሕያው ነው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ የግዛቱ ፈቃድ ቢኖርም ኩባንያዎቹ በሥራ ላይ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላሉ።

የመኖሪያ ወረቀትም ጉዳይ አለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ መያዝም አይፈቀድለትም። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው ቅጽ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት መካከል ነው። ለብዙ ሰው ጫት ዕፅ አይመስለውም፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት ሽጉጡ ማታ የሚያድርበትም ቦታ ሕግ አለው። ሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መተውን በወንጀል ትቀጣለች። አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ፣ በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሳጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይገዛል፤ ከመኝታ ኮመዲኖ መሳቢያና ከፍራሽ ስር ልጆች ቀድመው ይደርሳሉ።